ያበጠው ወለል

የእንግዳ መኝታ ቤታችን ወለል ጎበጥ ጎበጥ ያለ ነው። በዓይን አይታይም፤ ምንጣፍ ሲነጠፍበት ደግሞ በጫማም በካልሲም አይታወቅም። ሌሊት ተጨማሪ ብርድ ልብስ ለማውጣት ባዶ እግሬን ስገባ ግን እያንዳንዱ ጣውላ መሐሉ ከፍ፣ ጠርዝና ጠርዙ ዝቅ ብሎ ከእግሬ ሥር ይቆጠራል። ከበሩ እስከ ቁም ሳጥኑ አሥራ ሰባት ጣውላ ነው። ከግድግዳው ወዲህ ያለው ሳሎን በዚያው ዓመት፣ በዚያው እንጨት፣ በዚያው አናጺ እጅ የተሠራ ሆኖ ሳለ እንደ ገበታ የተስተካከለ ነው። ሁለቱን የለያያቸው ለሦስት ቀን የጠፋ መብራት ነው።

ይህን ስናገር ሰው ሁሉ የሚስቀው በመብራቱ ነው። እኔን ሲከነክነኝ የኖረው ሌላ ነገር ነው። ያንን ክፍል ያበላሸሁት ችላ ብዬው ቢሆን ኖሮ እስካሁን ረስቼው ነበር። ያበላሸሁት ስንከባከበው ነው፤ በየሳምንቱ፣ በትጋት፣ ተንበርክኬ።

## ሴራሚክ ያስለመደው እጅ

አባቴ ይህን ቤት ሱሉልታ ላይ የሠራው በ1964 ዓ.ም. ነው። መሠረቱን በድንጋይ ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ አደረገ፤ በላዩ የባሕር ዛፍ አግዳሚ ዘረጋ፤ በአግዳሚዎቹ ላይ ደግሞ ከደቡብ ምዕራብ ደን የመጣ የቀረሮ ጣውላ በምስማር መታ። ከላይ የሩቅ አገር እንጨት፣ ከታች የእንጦጦ ባሕር ዛፍ። በጣውላውና በመሬቱ መካከል ድመት ጎንበስ ብላ የምታልፍበት ባዶ ቦታ አለ። ይህ ባዶ ቦታ በኋላ ስለሚያስፈልገን ያዙልኝ።

ልጅ ሳለሁ ወለሉን የምትይዘው እናቴ ነበረች። ከጠጅ የተረፈውን ሰፈፍ አቅልጣ ታጠልለዋለች፤ የረጋውን ሰም እንደገና ታለሰልስና ከእሳቱ ራቅ ብላ፣ ውጪ በረንዳው ላይ፣ ነጭ ጋዝ ጠብ እያደረገች ታቀጥነዋለች። በጨርቅ እፍኝ በማትሞላ ልክ እየነከረች ወለሉን ስትቀባ ቤቱ ማርም ኩራዝም ይሸታል። የቀረው ሥራ የእኛ ነው። አንዳችን አሮጌ ብርድ ልብስ ላይ እንቀመጣለን፤ ሌላው ጫፉን ይዞ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይጎትታል። ስንደክም ወለሉ ያበራል። በዚያ ቤት ጣውላ ላይ ውኃ ሲደፋ አይቼ አላውቅም። አለማየቴን ያስተዋልኩት ግን ዘግይቼ ነው።

ትዳር ከያዝኩ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ኖርኩ። ወለሉ ሴራሚክ ነበር። ሴራሚክ ደግሞ ደግ ነገር ነው፤ ውኃ ብትደፋበት፣ በረኪና ብትጨምርበት፣ በብሩሽ ብትፈትገው ምንም አይልም። አባቴ በ2013 ዓ.ም. ሲያርፍ እናቴ የሱሉልታው ብርድ ለጉልበቷ አልስማማ ብሏት እህቴ ዘንድ ወደ ከተማ ገባች፤ እኛ ቤቱን ይዘን ገባን። ከዚያ በፊት ግማሹን ቤት ያከራዩበት ጊዜ ነበርና ተከራዮቹ ሰሙን አስነሥተው ቫርኒሽ ቀብተውታል። ቫርኒሹ ያብለጨልጫል። የሚያብለጨልጭ ነገር ለእኔ ሴራሚክ ነበር።

ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ባልዲ ይዤ ተንበረከክሁ። ሞቅ ያለ ውኃ፣ የዱቄት ሳሙና፣ ጠብ ጠብ የሚል ጨርቅ። ቫርኒሹ በእግር ብዛት በሳሳበት በበሩ አካባቢ ውኃው በጣውላዎቹ መገጣጠሚያ በኩል ቀስ እያለ ሲጠፋ አየው ነበር። እንዲያውም ደስ ይለኝ ነበር፤ ቶሎ ደረቀልኝ እል ነበር። የት ሄደ ብዬ አልጠየቅሁም።

## ነሐሴ

የሱሉልታን ክረምት የማያውቅ ሰው አዲስ አበባ ላይ ዝናብ አለ ይላል። ከእንጦጦ ጀርባ ያለው ይህ ሜዳ ከ2500 ሜትር በላይ ነው፤ ሐምሌ ሲገባ ውኃ ተኝቶበት ከብቶች በሐይቅ ዳር የቆሙ ይመስላሉ። ልብስ ለሦስት ቀን ተሰጥቶ አይደርቅም። ጨው በጨው ዕቃው ውስጥ ይረጥባል።

በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ መጀመሪያ የነገረኝ የልጄ ብይ ነው። ሳሎን ውስጥ ስትለቀቅ ወደፈለገችው መንከባለል ትታ በአንድ ጣውላ መሐል፣ ቦይ እንዳገኘ ውኃ፣ መስመሯን ይዛ እስከ ግድግዳ ሄደች። ልጄ አዲስ ጨዋታ አገኘሁ ብሎ ጮቤ ረገጠ። እኔ ጎንበስ ብዬ በመስኮቱ ብርሃን አየሁት። ጣውላዎቹ ሁሉ ጠርዛቸውን አንሥተው መሐላቸው ሰርጉዷል፤ ወለሉ ቁልቁል ሲታይ እንደተደረደሩ የእንጨት ገበቴዎች ነበር።

ወንድሜ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ለዘመን መለወጫ ሊመጣ ነው። ሃያ ምናምን ቀን ቀርቷል። በአባቱ ቤት፣ በዚህ ወለል ላይ ላስተኛው? ሰው ጠያይቄ የወለል መላጊያ ማሽን ያላቸው ሁለት ወጣቶች አገኘሁ። ዋጋ ተስማማን፤ ግማሹን ቀብድ ከፈልኩ። ልጆቹ ሥራቸውን የሚወዱ፣ እየዘፈኑ የሚሠሩ ናቸው፤ ክፉ ነገር አልናገርባቸውም። ወንድሜ የሚተኛበትን ክፍል አስቀደምን። በሻካራው 40 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀመሩ፤ ወደ 60፣ ከዚያ ወደ 100 አለፉ። ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ የጠቆረው ቀረሮ ከሥሩ ወርቃማ ቡናማ ሆኖ ወጣ። ሰጋቱራው ደቅቆ እንደ ዱቄት ይቦንናል። ማታ ላይ መዳፌን ከበሩ እስከ መስኮቱ አሳለፍኩት። እንከን የለውም። ያ ሁሉ ጉብታና ስርጉድ የት ገባ? ለባለቤቴ “ይኸው፤ በአንድ ቀን!” አልኩት።

በማግስቱ ሳሎኑን ሊጀምሩ ማሽኑን ሲሰኩ መብራት የለም። ቀኑን ሙሉ ጠበቅን። በሁለተኛውም ቀን የለም። ልጆቹ መብራት ሲመጣ ደውዪልን ብለው ሄዱ። እኔ ግቢውን እየተንቆራጠጥኩ ለማን እንደምናደድ ጠፍቶኝ ነበር።

## በቤቱ ዙሪያ

በሦስተኛው ቀን ጎረቤታችን ያበጠ በር ሊያስተካክሉ የመጡ አንድ ሽማግሌ አናጺ ነበሩ። ጎረቤቴ የእኔን ማቃሰት ስለሰለቻት ይመስለኛል፣ ሻይ እንኳ ሳታጠጣቸው ይዛቸው መጣች። አጭር፣ ቆፍጣና፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ናቸው። በሩ ላይ ጫማቸውን ሲያወልቁ “ግድ የለም ጋሼ፣ ይግቡ” ብላቸው “የማየው በእግሬ ነው” አሉኝ።

ሳሎኑን በካልሲ ተሻገሩ። ከኪሳቸው የሚታጠፍ የእንጨት ሜትር አወጡና በአንድ ጣውላ አግድም በጠርዙ አቆሙት። ሜትሩ ሁለቱን ጠርዝ ነክቶ መሐሉን አልነካም፤ በሥሩ የመስኮቱ ብርሃን በቀጭኑ አለፈ። ከዚያ ወደተላገው መኝታ ቤት ገቡ። ሜትራቸውን አስቀመጡ። ብርሃን የለም። እኔ ምስጋና ስጠብቅ እሳቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

“መቼ ነው ያስላግሽው?”

“ከሦስት ቀን በፊት።”

“በነሐሴ።” ጥያቄ አልነበረም። ጫማቸውን አድርገው ወጡ። በካፊያው ውስጥ ቤቱን መዞር ሲጀምሩ ሽንት ቤት የፈለጉ መስሎኝ አፍሬ ወደኋላ ቀረሁ። ቆይተው በምሥራቅ በኩል ካለው ግድግዳ ጠሩኝ። ጃንጥላ ይዤ ስደርስ በጫማቸው ጫፍ ከግድግዳው እግር አንድ ነገር እየመቱ ነው።

“ይህ ምንድን ነው?”

ሲሚንቶ ነበር። እኔ ያስደፈንኩት። በምሥራቅ በኩል ሦስት፣ በምዕራብ በኩል ሦስት፣ ከድንጋዩ መሠረት ላይ ቀዳዳዎች ነበሩ፤ አምስቱ የጡብ ያህል ናቸው፣ አንዱ ከሁሉ ይሰፋል። ባለፈው ኅዳር የሌሊቱ ብርድ ከጣውላው ሥር ወደ እግራችን ሲነፍስና አይጦች ሲንኮሻኮሹ ስድስቱንም በድንጋይና በሲሚንቶ አስዘግቻለሁ። ያን ቀን ቤቱ ሞቀ። አሁን ግን፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ እኔ ነኝ ማለት አቃተኝ። “ድሮም የነበረ ይመስለኛል” አልኩ። ሽማግሌው ሲሚንቶውን በጥፍራቸው ጫር አድርገው አዩት፤ ገና ነጭ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? “እኔ ነኝ ያስደፈንኩት” አልኩ።

“አፍንጫውን ደፍነሽ አላበው ትያለሽ?”

መዶሻ አምጪ አሉኝ። ሰፊውን ቀዳዳ በአራት ምት ከፈቱት። መጀመሪያ የወጣው ሽታ ነው፤ ርጥብ ጆንያና የበሰበሰ ቅጠል የተቀላቀለበት፣ ከጉድጓድ የሚወጣ ዓይነት ሽታ። “እጅሽን አስገቢ” አሉኝ። ክርኔ ድረስ አስገብቼ የጣውላውን ሆድ ዳበስኩት። ከላይ በየሳምንቱ የማሻሸው፣ የማብለጨልጨው ወለል ከሥሩ ላብ ያጠመቀው የፈረስ ሆድ ይመስል ነበር። እጄን ሳወጣ ጣቶቼ ላይ ውኃና እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ሻጋታ ነበረ።

ከዚያ በኋላ ያሉኝን ሁሉ በካፊያው ውስጥ ቆሜ ነው የሰማሁት። ድርቆሽ ስታሰጪ እንጀራው ወደየት ይታጠፋል? አሉኝ። ወደ ደረቀው ጎን፣ አልኩ። እንግዲህ ጣውላም እንዲሁ ነው። ከላይ ቫርኒሽ አለው፣ የቤት ሙቀት አለው፤ ከታች ያልተቀባ እንጨት ነው፣ ርጥብ አየር ይጠጣል። ሆዱ ሲያብጥ ጀርባው አያብጥም፤ ስለዚህ ጠርዙን ወደ ላይ ይሰቅላል። አንቺ ደግሞ ከላይ በባልዲ ስትጨምሪ ውኃው በስንጥቁ ወርዶ ከሆዱ ጋር ተገናኘ። ልጆቹ የተሰቀለውን ጠርዝ ላጉት። ዛሬ ልሙጥ ሆነ። ሆዱ ደርቆ ጣውላው ወደ ቦታው ሲመለስ ግን የተላገው ጠርዝ አብሮ ይወርዳል፤ መሐሉ ብቻውን ይቀራል።

“ታዲያ ምን ይሁን?”

“የተላገው ተልጓል። ሳሎኑን ተይው።”

“ምን ላድርግለት?”

“ምንም። ቀዳዳውን ክፈቺ፣ ባልዲሽን አንሺ፣ ጠብቂ። ጥቅምት ላይ ይመለሳል።”

ለዚህ ምክር አምስት መቶ ብር ተቀበሉኝ። ለባለቤቴ ስነግረው “ለምንም አምስት መቶ ብር?” አለ። እውነቱን ለመናገር እኔም ያን ማታ አላመንኳቸውም። ሰውዬው መብራት የማይጠይቅ መላጊያ ይዘው የሚዞሩ፣ በማሽን ሥራ የተቀየሙ ቢሆኑስ? ቀብድ ከፍያለሁ፤ ወንድሜ ሊመጣ ነው፤ መብራት በአራተኛው ቀን ጠዋት መጥቶ አምፖሉ ፊቴ ላይ በርቷል። ስልኬን አንሥቼ የልጆቹን ቁጥር አወጣሁ። ያገደኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጣቴ ላይ የቀረው የዚያ ሻጋታ ሽታ። በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጥቤ አልለቀቀኝም ነበር። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እያልን አድገን፣ ሥሩን በእጄ ዳብሼ ስመለስ እንዴት ብዬ ፊቱን ላስልገው?

ለልጆቹ ደውዬ ሳሎኑ እንደቀረ ነገርኳቸው። ተከፉ፤ ልክ ናቸው፣ ያዘዝኳቸውን ነው የሠሩት። ቀብዱን ተውኩላቸው። ወንድሜ መጣ፣ በተላገው ክፍል ሁለት ሳምንት ተኛ፣ ወለሉን አንድም ቀን አላየውም። ካልሲ አድርጎ ነበር የሚተኛው፤ በረደኝ ይላል።

## ለምንም የተከፈለ ጊዜ

መጠበቅ ሥራ መሆኑን ያወቅሁት በዚያ በጋ ነው። መሐንዲስ የሆነው የአክስቴ ልጅ የእንጨት እርጥበት መለኪያ አዋሰኝ፤ ሁለት መርፌ ያላት፣ ከእጅ ስልክ የማትበልጥ መሣሪያ ናት። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሳሎኑ 17 በመቶ አለችኝ። ቁጥሩን በእርሳስ ከበሩ መቃን ላይ፣ የልጄ ቁመት በየዓመቱ ከሚጻፍበት ጎን ጻፍኩት።

የአክስቴ ልጅ እንዳስረዳኝ እንጨት የሞተ ዛፍ ቢሆንም ከአየሩ ጋር መመዛዘኑን አይተውም። የአየሩ እርጥበት 40 በመቶ ገደማ ሆኖ ሲሰነብት እንጨቱ 8 በመቶ ገደማ ላይ ይረጋል፤ አየሩ 80 ሲሆን እንጨቱ ወደ 16 ይወጣል። ሲጠጣ በቁመቱ የሚጨምረው እዚህ ግባ አይባልም፤ የሚሰፋው በወርዱ ነው። 15 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ጣውላ ከ8 ወደ 14 በመቶ ሲወጣ፣ እንደ ዛፉ ዓይነትና እንደ አቆራረጡ፣ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። አንዱ ጣውላ ቢሰፋ ማን ይጨነቃል? ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተደረደረውን ሁሉ ስትደምሩት ግን ማምለጫ ያጣ ሕዝብ ነው፤ እርስ በርሱ ይገፋፋል። ለዚህ ነው የድሮ አናጺ ወለሉን ከግድግዳው ጋር አጣብቆ የማይመታው፤ ጣት የማያስገባ ክፍተት ትቶ በቀጭን እንጨት ይሸፍነዋል።

ሱሉልታ ያደገ ሰው ይህን ከአፈሩ መማር ነበረበት። መሬታችን መረሬ ነው። ክረምት ሲጠጣ ያብጣል፣ የአጥር ቋሚ ያጋድላል፤ በጋ ሲገባ ይሰነጠቅና ብዕር ቢወድቅብህ አታገኘውም። ስንጥቁን በየዓመቱ እያየሁ አንድም ቀን አፈሩን ታመመ ብዬ አላውቅም። በበጋ ስንጥቁን ልድፈን ብል ጎረቤቶቼ ጠበል ይወስዱኝ ነበር።

ጥቅምት መጣ፤ መለኪያዋ 14 በመቶ አለች። ሽማግሌው ተሳስተው ነበር፤ ብይዋ አሁንም መስመሯን አልለቀቀችም። በኅዳር ነፋስ ቀዳዳዎቹ ክፍት ሆነው ቤቱ በረደ፤ ባለቤቴ ካፖርት ለብሶ ቴሌቪዥን ያያል፣ ምንም አይለኝም፤ ዝም ማለቱ ከመናገሩ ይብስ ነበር። ታኅሣሥ፤ 11። ያኔ ነው የመኝታ ቤቱ መሐል መነሣት የጀመረው፤ እሳቸው እንዳሉት፣ ቀስ በቀስ፣ ዳቦ እንደሚነፋ። ከግድግዳው ወዲህ ደግሞ የሳሎኑ ጠርዝ ይወርድ ነበር። በአንድ ቤት ሁለት ወለል፣ አንዱ ሲድን አንዱ ሲታመም በየሳምንቱ በመዳፌ እለካ ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። የፈሰሰው ጤፍ ቢሆን ይለቀማል፤ እኔ ያፈሰስኩት ከጣውላው የተላገ ነው፣ በጆንያ ተሞልቶ የጎረቤት ዶሮ ቤት ውስጥ ተበትኗል።

ጥር 8 ቀን ልጄ ብይዋን ለቀቃት። ሰያፍ ሄዳ ከሶፋው ሥር ገባች። መለኪያዋ 10 በመቶ አለች።

በዚያው ወር ሽማግሌውን አስጠራሁ። ሳሎኑ የፈለገው ቀላል ነገር ነበር፤ አሮጌውን ቫርኒሽ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አሽተው፣ አቧራውን በርጥበት በነካ ጨርቅ አንሥተው፣ በሁለት ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ቀቡት። መኝታ ቤቱንስ? ሜትራቸውን አስቀምጠው አዩት። አሁን ደርቋልና ጉብታውን ማስላግ ይቻላል፤ ግን በሁለት ልግ ብዙ እንጨት ይሄዳል፣ የምስማሩ ራስም ይወጣል። “እኔ ብሆን እተወዋለሁ” አሉ። ተውኩት።

## ባልዲው የት ሄደ

ባልዲው አሁን የአትክልት ማጠጫ ነው። ሰዎች ወለሉን እያዩ “ምን ትቀቢዋለሽ?” ይሉኛል፤ የሚቀባ ነገር ስለሌለኝ ቅር ይላቸዋል። የእንጨት ወለል ትልቁ ጠላት በር ላይ ነው፤ ከመንገድ በጫማ የሚገባው አሸዋ። አሸዋ ከቫርኒሽ ይጠነክራል፣ በእያንዳንዱ እርምጃ ብርጭቆ ወረቀት ነው። ስለዚህ ከበሩ ውጪ ሻካራ፣ ከበሩ ውስጥ ለስላሳ ምንጣፍ አለኝ፤ ጫማ የሚወልቀው በመሐላቸው ነው። በየቀኑ በለስላሳ መጥረጊያ እጠርጋለሁ። የሚታጠብ ነገር ሲኖር ጨርቁን እስኪያቅተኝ ጨምቄ አሳልፋለሁ፤ ጨርቁ የሄደበት በደቂቃ ውስጥ ካልደረቀ ርጥብ ነበር ማለት ነው። ከወንበሮቹ እግር ሥር የአሮጌ ባና ቁራጭ በኮላ ለጥፌያለሁ። ሥሩ ጎማ የሆነ ምንጣፍ ግን አላስገባም፤ እርጥበቱን አፍኖ ይይዛል፣ አንዳንዱም ቫርኒሹን ያጠቁራል።

ኮምጣጤ በውኃ በጥብጠሽ አብሺው የሚለው ምክር ከየአቅጣጫው ይመጣል። ኮምጣጤ አሲድ ነው፤ እየቆየ የቫርኒሹን ወዝ ያጠፋዋል። ለሰላጣ ይሁን።

ከእናቴ ጋር ግን በሰም ተጣላን። እሷ ቫርኒሽን ወለል አትለውም፤ “ፕላስቲክ ለብሷል” ትላለች። እኔም ማርና ኩራዝ የሚሸተው ቤት ይናፍቀኛል። ነገር ግን ቫርኒሽ ላይ ሰም ከተቀባ በኋላ ሌላ ቫርኒሽ አይዝም፤ ይላጣል። ወይ ሰም፣ ወይ ቫርኒሽ ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ የሚያዋድድ ቅኔ ብቻ ነው፣ እሱም ሰሙን ከወርቅ እንጂ ከቫርኒሽ ጋር አያጣምርም። ለጊዜው እናቴ ተሸንፋለች። መኝታ ቤቱ ግን ቫርኒሽ ስላልተቀባ፣ ባለፈው ፋሲካ መጥታ ሰፈፏን አቅልጣ እሱን ሰም አቀባችው። ጉብታው ላይ ብርሃን ሲያርፍበት፣ ለማመን ቢከብድም፣ የተጣጠፈ ሐር ይመስላል። ልጄን ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጬ ጎተትኩት፤ ጣውላ በተሻገርን ቁጥር ድምፁ ይንቀጠቀጣል፣ እሱም ይህን ወዶ “እንደገና!” ይላል።

## ቄጠማ

ለ2017 ዓ.ም. ዘመን መለወጫ እናቴ አንድ እቅፍ ቄጠማ ተሸክማ መጣች። ገና ጤዛው ከላዩ አልወረደም። ሳሎኑ መሐል ቆማ ልትበትነው ስትል “እማዬ፣ ቆይ!” ብዬ ጮኽኩ። እጇ አየር ላይ ቀረ። ያ ሁሉ ርጥብ ሣር ለሁለት ቀን ጣውላ ላይ ተኝቶ፣ በላዩም ቡና ሲፈላበት፣ የከሰል ፍንጣሪ ሲወርድበት በዓይነ ሕሊናዬ ታይቶኛል። ሮጬ ሰሌን አመጣሁ፤ ሰሌኑን ዘርጊና በላዩ በትኚው አልኳት።

“ቄጠማ በሰሌን ላይ!” አለች። ተቀየመች። ሰሌኑ ላይ በትና፣ ረከቦቷን ዘርግታ፣ እስከ ሁለተኛው ስኒ ድረስ አላናገረችኝም። ቶናዋን ስትሰጠኝ ልታረቃት ብዬ ታሪኩን ሁሉ ነገርኳት፤ ሽማግሌውን፣ ቀዳዳዎቹን፣ የጣውላውን ሆድ። አባቴንም አነሣሁ። በየዓመቱ ሰኔ ላይ ዱላ ይዞ በቤቱ ዙሪያ እየጎነበሰ ቀዳዳዎቹን ሲጎረጉር አስታውሳለሁ። ሣሩንና ጭቃውን እየጠረገ ወለሉ እንዲተነፍስ ያደርግ ነበር፣ እኔ ግን አይጥ የሚያባርር ይመስለኝ ነበር አልኳት። ስናገር ድምፄ ትንሽ ተሰብሮ ነበር።

እናቴ ጀበናዋን ማቶቷ ላይ አስቀምጣ ሳቀች። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እስክትጠርግ ድረስ ሳቀች።

“ምን ወለል፣ ምን መተንፈስ! እንቁላል ፍለጋ ነው እንጂ። ዶሮዎቼ ሰኔ ሲገባ ዝናቡን ሸሽተው ከወለሉ ሥር ይጥሉ ነበር። ያቺን ትልቋን ቀዳዳ እኮ እኔ ነኝ ያስሰፋሁት። አባትሽማ ‘ድፈኗት፣ ብርድ ታስገባለች’ እያለ ሲጨቃጨቀኝ ኖረ።”

ባለቤቴ ስኒውን ይዞ ወደ መስኮቱ ዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እኔ ምን እንደምል ጠፍቶኝ፣ አሁን ቀዳዳዎቹ ሁሉ አይጥ እንዳያስገቡ ወንፊት ሽቦ እንደተደረገባቸው፣ አየር ግን እንደሚያሳልፉ ነገርኳት።

“ትልቋም?”

“ትልቋም።”

እናቴ ሦስተኛውን ለማፍላት ጀበናው ላይ ውኃ ጨመረችና ራሷን ነቀነቀች። “ታዲያ ዶሮ ብገዛልሽ የት ልትጥልልሽ ነው?”